ውኃው ከሚወጣበት ተራራ ጀምር

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው አዳማ ነው። የምተዳደረው የሕንፃ ንድፎችን በስሪዲ እየሠራሁ ለአርክቴክቶችና ለኮንትራክተሮች በማቅረብ ነው። በቅርቡ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ለታሸገ ውኃ በሚያዘጋጀው የ30 ሰከንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ውስጥ የተራራውን ገጽታ በኮምፒውተር እንድሠራለት ጠየቀኝ። የሚተላለፈው ለእንቁጣጣሽ ስለሆነ አረንጓዴ ደጋና አደይ አበባ ይፈልጋሉ። አሁን ግን ገና ሐምሌ ነው፤ ደጋው ጉም ለብሷል፣ አበባውም አልፈነዳም። ድሮን ለማስነሣት ደግሞ ፈቃዱም ወጪውም ከበዳቸው። ፋብሪካው ያለው ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነው። ለናሙና ያመጡልኝ ግን በረዶ የለበሰ የአውሮፓ ተራራ ነው። እኔ ደግሞ የስሜንን ተራሮች ብሠራ ብዬ አስባለሁ። አንድ ሙከራ ሠርቼ ነበር። ካሜራው 3 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር በ4 ሰከንድ ይበርራል፤ ጀርባውንም እንደ ሲኒማ አደብዝዤዋለሁ። ያየው ሁሉ ‹ያምራል፣ ግን አሻንጉሊት ይመስላል› ይለኛል። ጥፋቱ የብሌንደር ነው? ሌላ ሶፍትዌር ልማር? ላፕቶፔስ ይችለዋል? የቀረኝ 4 ሳምንት ብቻ ነው።»

ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ ብሌንደርን አትተው። በ4 ሳምንት አዲስ ሶፍትዌር ተምሮ ለቴሌቪዥን የሚበቃ ሥራ ማውጣት አይቻልም፤ በእጅህ ያለው መሣሪያ ደግሞ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ደብዳቤህን ሳነብ የታየኝ ችግር ሌላ ነው፤ የትኛውን ተራራ እንደምትሠራ ገና አልተወሰነም። ድርጅቱ የሚያስበው አልፕስን ነው፣ አንተ የምታስበው ስሜንን ነው፣ ውኃው የሚወጣው ደግሞ ሰሜን ሸዋ ላይ ነው። ውኃው ከሚወጣበት ተራራ ጀምር እልሃለሁ። ቦታው አንዴ ከተቆረጠ የብርሃኑ፣ የድንጋዩ፣ የዛፉና የቀለሙ ጥያቄ ግማሹ በራሱ ይመለሳል።

በረዶውን እናንሣው። አገራችን ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሚቆይበት ጫፍ የላትም። ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ይዞ አንዳንዴ ቢነጣም አይከርምበትም። በአፍሪካ ለዘመናት የቆየ የበረዶ ክምር ያለው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ጫፎች ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እየመነመነ ነው። ስለዚህ የሸዋን ውኃ የያዘ ጠርሙስ ከበረዶ ተራራ ፊት ስታቆም፣ ደጋ ተወልዶ ያደገው ተመልካች ያ ተራራ የእሱ አገር እንዳልሆነ በአንድ ዓይን ያውቀዋል። ያንን ያወቀ ሰው ውኃውንም በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ስሜንን የመረጥከው ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ገደሎቹ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። እነዚያን ገደሎች የሚያሳይ የውኃ ማስታወቂያ «ውኃው ከዚህ ነው የሚቀዳው» እያለ ነው፣ ድምፅ ባይኖረውም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የአንተ ሥራ እዚያ ድረስ ይደርሳል አይደርስም የሚለውን ሕግ አዋቂ ይፍረደው፤ እኔ ግን ለምን ወደዚያ ጥያቄ እንደምትጠጋ አይታየኝም። የሸዋ ደጋ ከማንም የማያንስ ገጽታ አለው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ አስበው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማ በር መሬቱ ድንገት ይሰበርና በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከሥር የአፋር ቆላ በጭጋግ ይታያል። በአንኮበር በኩል ወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ አስታው። በመንዝ በኩል ጓሳ አለ፣ ጭላዳም አለ። ይህ ሁሉ ከፋብሪካው ብዙ ሳይርቅ የተቀመጠ ሀብት ነው።

አሁን ወደ አሻንጉሊቱ ልምጣ፤ ዋናው ጥያቄህ እሱ ነውና። ተመልካች በስክሪን ላይ የተራራን መጠን በቀጥታ መለካት አይችልም። ከሌሎች ምልክቶች ይገምታል እንጂ፤ ከፍጥነት፣ ከድብዘት፣ ከአየሩ ቀለም፣ ከሚያውቃቸው ነገሮች። አንተ በሙከራህ እነዚህ ምልክቶች ሁሉ «ትንሽ ነው» እንዲሉ አድርገሃቸዋል።

ፍጥነቱን እናስላው። 3 ኪሎ ሜትር በ4 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 750 ሜትር ነው፤ በሰዓት 2,700 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመንገደኛ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበርረው። ማንም ሰው ተራራን በዚያ ፍጥነት ሲያልፍ አይቶ ስለማያውቅ፣ አእምሮው ሸለቆውን አሳንሶ ነው ጉዳዩን የሚፈታው። ካሜራህ የድሮን ፍጥነት ይኑረው፤ በሰከንድ 15 ሜትር በለው። በ4 ሰከንድ 60 ሜትር ብቻ ይሄዳል። «እንቅስቃሴው አይታይማ» ብለህ እንዳትሰጋ። ከካሜራው 10 እና 20 ሜትር ርቀት ላይ አንድ የገደል ጫፍ፣ አንድ የአስታ ቅርንጫፍ ወይም ቋጥኝ አኑር። ቅርቡ በፍጥነት ሲያልፍ ሩቁ እንደቆመ ይቀራል፤ ተራራውን ግዙፍ የሚያደርገው ይህ ልዩነት ነው።

ጀርባውን ማደብዘዝህም እንደዚያው ነው። በሕንፃ ሥራ፣ በሶፋና በአበባ ማስቀመጫ ላይ ያምራል። ሰፊ ሌንስ ተራራ ላይ ሲያነጣጥር ግን ከጥቂት ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው። የራቀ ነገር በትኩረት ማነስ ሲደበዝዝ የምናየው ከቅርብ በተነሣ የትናንሽ ነገሮች ፎቶ ላይ ነው። አጥፋው።

በምትኩ ሩቁን በአየር አርቀው። ከአንተ እስከ ማዶው ሸንተረር ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ይበትናል፤ ስለዚህ የራቀ ተራራ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ጥላውም ጥቁር መሆኑ ይቀርና ግራጫ ይሆናል። ዓይንህን ጥላው ላይ አድርግ። ጀማሪ የሚሠራው ጉም ሁሉንም እኩል ያነጣዋል፤ በእውነተኛው ግን መጀመሪያ የሚቀልለው ጥቁሩ ነው፣ በፀሐይ የበራው ፊት ረዘም ላለ ርቀት ቀለሙን ይይዛል። ይህንን በሬንደሩ (ኮምፒውተሩ ምስሉን አስልቶ በሚያወጣበት ሥራ) ውስጥ አትጋግረው። ብሌንደር «ሚስት ፓስ» ብሎ የሚያወጣውን የርቀት ንብርብር ለብቻው አውጣና አየሩን በኮምፖዚቲንግ፣ ማለትም የወጡትን ምስሎች በምትደራርብበት ደረጃ ላይ ጨምር። ድርጅቱ «ጉሙ በዛ» ሲልህ በደቂቃዎች ታስተካክለዋለህ፤ አለበለዚያ ቀናት የፈጀብህን እንደገና ልታስጀምር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ፈትሽ። የሕንፃ ሠሪዎች መሬቱን ለጀርባ ያህል 50 ወይም 100 ሜትር አድርገው መዘርጋት ልማዳቸው ነው። ተራራህ በፕሮግራሙ ውስጥ በእውነተኛ ሜትር ይለካ። 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ 10,000 ሜትር ይሁን፣ የካሜራውን የርቀት ገደብም እዚያ ድረስ ክፈተው። ይህ ካልሆነ ሰማዩም፣ ጉሙም፣ የዛፉ ቁመትም እርስ በርስ አይስማሙም።

የመሬቱን ቅርጽ ከራስህ አትፍጠር፤ ተለክቶ ተቀምጦልሃል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በረራዋ በራዳር የምድርን የብስ አብዛኛውን ክፍል ከፍታ ለክታለች። በ30 ሜትር ልዩነት የተለካው ዝርዝር መረጃ ከ2014 ጀምሮ ለአፍሪካም በነፃ ተለቅቋል። ኮፐርኒከስ የተባለው የአውሮፓ ፕሮግራምም ተመሳሳይ የ30 ሜትር መረጃ አለው፤ እሱን ከተጠቀምክ ምንጩን መጥቀስ አለብህ። የጣርማ በርን አካባቢ አውርደህ ብሌንደር ጂ.አይ.ኤስ. በተባለው ተጨማሪ መሣሪያ ብታስገባው፣ በአንድ ከሰዓት ውስጥ እውነተኛው ገደል በስክሪንህ ላይ ይቆማል። ከጉግል ኧርዝ የተቀዳ ምስል ግን የራሱ የአጠቃቀም ደንብ አለው፤ ደንቡን ሳታነብ ለማስታወቂያ አታውለው።

የከፍታ ካርታውን፣ ማለትም የመሬቱን ከፍታ ከጥቁር እስከ ነጭ ባለ ደረጃ የሚይዘውን ምስል፣ ስታስቀምጥ በ16 ቢት ይሁን። ከላይኛው ጫፍ እስከ ቆላው 2,000 ሜትር ልዩነት አለህ። 8 ቢት የሚይዘው 256 ደረጃ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ደረጃ 8 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ዳገቱ ሁሉ ማንም ያልሠራው እርከን ይሆንብሃል። 16 ቢት 65,536 ደረጃ አለው፤ ልዩነቱ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ እርከኑን በማለስለስ ሊያጠፋ ሲሞክር የተራራውን ጥርስ አብሮ ያጠፋዋል።

የ30 ሜትሩ መረጃ ለሩቁ ይበቃል፣ ለቅርቡ አይበቃም። በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 1,920 ፒክሰል ስፋት ባለው ምስል ላይ፣ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የ30 ሜትር ቁራጭ 19 ፒክሰል ያህል ይይዛል። በዚያ መሃል ምንም ዝርዝር የለም ማለት ነው። ስለዚህ ከ5 ኪሎ ሜትር ወዲህ ላለው መሬት ዝርዝሩን አንተ ትጨምራለህ። ገደሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የከፍታ ካርታ ከላይ ወደ ታች የታየ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳን መያዝ አይችልም፣ ከላይ የለበሰው ቴክስቸርም (በቅርጹ ላይ የሚለጠፈው የገጽ ምስል) ገደሉ ላይ ሲደርስ ተለጥጦ መስመር መስመር ይሆናል። የገደሉን ቴክስቸር ከጎን አልብሰው፤ ለካሜራው የሚቀርበውን የገደል ክፍል ደግሞ ለብቻው ቅረጸውና ከካርታው ፊት አቁመው።

ዝርዝሩን ስትጨምር አደጋው ኖይዝ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በቀመር በሚያወጣው የዘፈቀደ ሸካራነት ላይ ነው። ይህ ሙያ የተወለደው ከዚያ ነው፣ ንቀትም የለኝም። የሒሳብ ሊቁ ማንደልብሮት ተራራ በሩቅም በቅርብም ተመሳሳይ ሸካራነት እንዳለው አስተማረ። ያኔ በቦይንግ ይሠራ የነበረው ሎረን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1980 ሦስት ማዕዘኖችን እየከፋፈለ በሠራቸው ተራሮች ላይ የሚበርር አጭር ፊልም አሳይቶ የሙያው ሰዎችን አስደነቀ። ኬን ፐርሊን ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ኖይዝ የፈጠረው በዚያው የ80ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቁልፉን ስትጫን የሚወጣልህ ተራራ የእነዚህ ሰዎች ልጅ ነው። ነገር ግን የየትኛውም አገር ተራራ አይደለም፤ ሹል ጫፍና በየአቅጣጫው የሚወርድ ጠርዝ ስለሚያበዛ ወደ አልፕስ ያደላል። የእኛ ደጋ በሌላ መንገድ ነው የተሠራው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር በንብርብር ተከምሮ፣ በኋላ ወንዞች ሰነጠቁት። ስለዚህ አናቱ ሜዳ ነው፣ ጎኑ ደረጃ ደረጃ ነው፦ ገደል፣ ከሥሩ ዳገት፣ እንደገና ገደል። አምባ የምንለው ይህንኑ ነው። ኖይዙን በአግድም ንብርብር ቁረጠው፤ ጠንካራው ንብርብር ይውጣ፣ ለስላሳው ይግባ፣ የተሰበረው ድንጋይ ከሥር ይከመር። በመጨረሻ የውኃ መሸርሸርን አሂድበት። በብሌንደር ያለው የኤ.ኤን.ቲ. ላንድስኬፕ መሣሪያ ለዚህ ያገለግልሃል።

ያማረርክበት የሐምሌ ጉም ደግሞ ለአንዱ ሥራ ከምትመኘው በላይ ይጠቅምሃል። ጉም በለበሰ ቀን የተነሣ የድንጋይ ፎቶ የፀሐይ ጥላ የለበትም። ለቴክስቸር የሚፈለገው እንዲህ ያለው ፎቶ ነው፤ ፀሐይዋን በኋላ አንተ ታወጣለህ። የመንገዱን ደኅንነት አስቀድመህ አጣራና አንድ ቀን ወደዚያ ውጣ። ጥቁሩን ድንጋይ፣ በላዩ ያለውን ሽበት፣ ቀዩን አፈር፣ የካቡን ግድግዳ አንሣ። አንድ ቋጥኝ ስትዞር ፎቶዎቹ ከግማሽ በላይ ይደራረቡ፤ ሜሽሩም በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ስሪዲ ትቀይራቸዋለህ። ከበይነ መረብ የሚወርዱት ዝግጁ ቋጥኞች መልካም ናቸው፣ ግን ብዙዎቹ ከሌላ አገር ድንጋይ የተወሰዱ ናቸው፤ የእኛን ጥቁር ድንጋይ እዚያው ሄደህ ብታነሣው ይሻላል።

ተክሉን በከፍታና በዳገት ለይ። ነገሮችን በሰጠኸው ሕግ የሚዘራው የብሌንደር መሣሪያ፣ ጂኦሜትሪ ኖድስ፣ ይህን በቀላሉ ይሠራልሃል፤ ቀጥ ባለ ገደል ላይ ዛፍ አይብቀል፣ ሣሩ ሜዳው ላይ ይሁን፣ አስታው ወደ ላይ፣ ጥዱ ዝቅ ብሎ። የሰውን እጅ አትርሳ። ደጋችን ባዶ ምድር ሆኖ አያውቅም፤ ገብሱ፣ ባቄላው፣ በየቤቱ ዙሪያ የተተከለው ባሕር ዛፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ያረጀ የጥድ ደን፣ በሩቅ ብልጭ የሚል የቆርቆሮ ጣሪያ። እነዚህ ሌላም ጥቅም አላቸው። ተመልካቹ የቤትንና የባሕር ዛፍን ቁመት ያውቃል፤ አንድ ጣሪያ ከገደሉ ሥር ነጥብ አክሎ ሲታየው የገደሉን ግዝፈት ሳትነግረው ይረዳዋል።

ስለ አደይ አበባው አንድ ስሌት ልስጥህ፣ ላፕቶፕህን ያድነዋልና። በዚያው ሌንስ 30 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ፒክሰል 1.6 ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል፤ 4 ሳንቲ ሜትር የምትሆን አበባ ከሁለትና ሦስት ፒክሰል አትበልጥም። 300 ሜትር ላይ አንዱ ፒክሰል 16 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን አበባ የሚባል ነገር የለም፣ ቢጫ ቀለም ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ቅጠልና ግንድ ያላት አበባ የሚያስፈልግህ እስከ 30 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ ቢጫውን እንደ ቀለም አፍስሰው፤ ግን አንድ ወጥ አይሁን። አደይ እርጥበቱን፣ የእርሻውን ዳርና ያልታረሰውን መሬት ተከትላ ነው የምትወጣው፤ እዚህ ስትበዛ እዚያ ትሳሳለች።

ብርሃኑ ከቦታው ጋር ይመጣል ያልኩህ ይህ ነው። ደብረ ሲና ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ነው። በመስከረም ፀሐይ ከሞላ ጎደል ከትክክለኛው ምሥራቅ ትወጣለች፣ ቀትር ላይ ደግሞ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላ እግር ሥር ይገባል። የቀትር ብርሃን ተራራውን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ 20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላለች፤ ያንን ሰዓት ምረጥ። ገደሉ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት ያየኸው እንደሆነ ጥላ አልባ ይሆናል። ካሜራህ የገደሉን ጫፍ ይዞ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይመልከት፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ንብርብሩ አንድ በአንድ ይለያል። ከቆላው የሚወጣውን ጉም ከገደሉ ግማሽ በታች አስቀረው። ጣርማ በርን ያለፈ ሾፌር ሁሉ ያንን ጉም ያውቀዋል።

ጠርሙሱን ማን እንደሚቀርጽ አልነገርከኝም። በስቱዲዮ የሚቀረጽ ከሆነ ሬንደር ካደረግከው ገጽታ አንድ ምስል አስቀድመህ ስጣቸውና ከጠርሙሱ ጀርባ በትልቅ ስክሪን ያሳዩት። የሞላ ጠርሙስ ሌንስ ነው፤ በውስጡ የሚታየው የራቀ ገጽታ ቀኝና ግራው ተገልብጦ ነው። በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቀርጸው በኋላ ቢቆርጡት ውኃው የተራራህን ብርሃን አይይዝም፣ ጠርሙሱም ተለጥፎ ይታያል። ፀሐይህ ከየት እንደምትመጣም ለመብራት ሠራተኛው ንገረው፤ በአንተ ምስል ከግራ ከሆነች በስቱዲዮም ከግራ ትሁን።

ወደ ላፕቶፑ ልምጣ። ቴሌቪዥናችን በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ 30 ሰከንዱ 750 ፍሬም ይሆናል። አንዱ ፍሬም 8 ደቂቃ ቢፈጅ 6,000 ደቂቃ፣ ማለትም 100 ሰዓት ነው። ግን ሠላሳውም ሰከንድ ተራራ አይሆንም፤ ሰው አለ፣ ጠርሙስ አለ። ተራራው 14 ሰከንድ ቢይዝ 350 ፍሬም ነው፣ 47 ሰዓት ገደማ። ካሜራው ከቦታው የማይነቃነቅባቸው ትዕይንቶች ደግሞ ሙሉ ሬንደር አይፈልጉም፤ አንድ ትልቅ ምስል ሬንደር አድርግና ጉሙን፣ ደመናውንና ሣሩን ብቻ በላዩ አንቀሳቅስ። በዚህ መንገድ ላፕቶፕህ ይችለዋል። ፍሬሙን አንድ በአንድ በኢ.ኤክስ.አር. የምስል ፋይል አውጣ እንጂ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል አታውጣ፤ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ፍሬም ትቀጥላለህ፣ የቪዲዮ ፋይል ግን መሃል ላይ ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይበላሻል። ከሙሉው ሬንደር በፊት ምስሉን በግማሽ መጠን አድርገህ በየ10 ፍሬሙ አንድ አውጥተህ እይ። ስህተቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

ድርጅቱን በቃል ለመርታት አትድከም። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ለአንድ የቆመ ምስል ስጥ፤ ጣርማ በር፣ መስከረም፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። ጥርት ብሎ ያለቀ ይሁን። ያመጡልህን የበረዶ ተራራ ከጎኑ አድርገህ ጠርሙሱን በሁለቱም ፊት አቁምና ላክላቸው። ውኃው የሚወጣበት የሸዋ ደጋ መሆኑን ከሥሩ ጻፍበት፤ ለድርጅቱም ለፋብሪካውም ይህ በማስታወቂያው ላይ በድፍረት ሊናገሩት የሚችሉት እውነት ነው። «ውኃችን ከዚህ ደጋ ነው» ማለት ለሻጭ ትልቅ ነገር ነው፣ በአልፕስ ምስል ደግሞ ሊሉት አይችሉም። እኔ የፋብሪካው ባለቤት ይህን ልዩነት ያያል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ምስሉ በማስታወቂያ ድርጅቱ በኩል ለባለቤቱ መድረሱን ጠይቅ።

ምስሉ ካልጸደቀ ወደ እንቅስቃሴ አትግባ። ሲጸድቅ በጽሑፍ ይሁን፤ የካሜራው አቅጣጫ፣ የፀሐይዋ ሰዓትና የተራራው ቅርጽ ከዚያ በኋላ እንደማይቀየሩ፣ ከተቀየሩ ግን ተጨማሪ ክፍያና ተጨማሪ ቀን እንደሚያስከትሉ ውሉ ላይ ይስፈር። ነፃ እርማት ስንት ጊዜ እንደሆነም ይጻፍ፤ ሁለት ይበቃል። የሕንፃ ሥራ ስለለመድክ «ግድግዳውን ትንሽ ገፋ» እንደማለት ቀላል እንዳይመስልህ፤ «ፀሐይዋን ወደ ማታ አድርጋት» የምትል አንዲት ቃል 47 ሰዓቱን እንደገና ታስጀምርሃለች። ግማሹን ክፍያ ሥራ ሳትጀምር ተቀበል። ለእይታ የምትልክላቸው ባነሰ ጥራት፣ ስምህ በላዩ የታተመበት ይሁን፤ ሙሉው የፍሬም ፋይል ቀሪው ክፍያ ሲገባ ይሂድላቸው።